ዳሲቱ ጨረቃን ያስተማረችበት ረቡዕ

እኔ ሰው ቶሎ አላመሰግንም። ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ ሳስተምር ያመሰገንኳቸው ባልደረቦቼ ቢቆጠሩ የአንድ እጅ ጣት አይሞሉም፤ የተናደድኩባቸውን ግን ባለቤቴ ሳታዛንፍ ትዘረዝራቸዋለች። «የሺዋስ፣ አንተ ከሰው ጥሩ ነገር ማየት ያምሃል» ትለኛለች። እንግዲህ እንደዚህ ያለሁት ሰውዬ ስለ ዳሲቱ ቀጀላ አፌን ሞልቼ ስናገር፣ የሚሰማኝ ሰው ነገሩ የምር መሆኑን ይወቅልኝ።

ዳሲቱ በእኛ ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ትምህርት ቤቱ ያለው ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ግርጌ ነው። እኔ በየጠዋቱ ከአቃቂ በሁለት ታክሲ ተጋፍቼ ስደርስ፣ እሷ ከቤቷ በእግሯ መጥታ ሰሌዳዋን ጠርጋ ትጠብቀኛለች። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ ብሎኮቹ ከመምጣታቸው በፊት። አሁን ልጆች ኳስ የሚራገጡበት ሜዳ ያኔ የአባቷ የኦቦ ቀጀላ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር።

ግንባታው ሲጀመር ዳሲቱ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ቀን ቀን እዚያው በአባቷ ማሳ ላይ አሸዋና ውሃ እያመላለሰች፣ ከሥራ ስትወጣ የማታ ትምህርት ትማር ጀመር። ትምህርት ቤት ያላስገባላትን እንግሊዝኛ ሳይቱ ላይ ያገኘችው ከፎርማኑ ነው። ሰውየው አማርኛውም ኦሮምኛውም አይሆንለትም ነበርና፣ የሚፈልገውን በዱላው እያመለከተ በእንግሊዝኛ ይጠራዋል። እሷ ዕቃውን ታነሳለች፣ ክብደቱን በትከሻዋ ታውቀዋለች፣ ስሙ አብሮ ይገባላታል። የተቀደደ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ጽፋም ቤቷ ትወስደዋለች። ከዚያ ኮሌጅ ገባች፣ ዲፕሎማ ያዘች፣ ዲግሪዋን በክረምት በክረምት ጨረሰች። እኔ በዚያ ዕድሜዬ እሷ የተሸከመችውን አሸዋ ብሸከም ኖሮ ወገቤን እንጂ ዲግሪ አልይዝም ነበር።

ከፎርማኑ የተማረችው ግን ቃላቱን ብቻ አልነበረም። አስተማሪ ስትሆን አንድ ደንብ አወጣች፤ ልጆቹ ያላዩትን ነገር ስሙን ሰሌዳ ላይ አትጽፍም። «ዶር»ን ለማስተማር አርባ ስድስት ልጅ ተሰልፎ በሩን ይነካል። «ሄቪ»ን ለማስተማር ውሃ የተሞላ ጀሪካን ያነሳሉ። «ሬይን»ን ያስተማረች ቀን ሁሉም በስብሰው ገቡ፤ እናቶቻቸው በማግስቱ ግቢውን በጩኸት አደባለቁት። ልጆቹ ግን ያንን ቃል ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም፤ እኔም ብሆን አልረሳሁትም፤ በመስኮት እያየሁ ስስቅ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቂት ወላጆች ፈርመው ደብዳቤ አስገቡ። ልጆቻችን ክፍላቸው ውስጥ አይቀመጡም፣ ግቢ ለግቢ ሲዞሩ ይውላሉ፣ የአስተማሪዋም አነጋገር የፈረንጅ አይደለም ይላል። ደሜ ፈላ። የፈረንጅ አነጋገር የፈለገ ፈረንጅ ይቅጠር ብዬ መምህራን ክፍል ውስጥ ጮህኩ፤ ጩኸቴን የሰማው ግን የለም። ደብዳቤው ወደ ላይ ሄደና ውሳኔ ይዞ ተመለሰ። አንድ ሱፐርቫይዘር መጥቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ስታስተምር ያያታል። ካልወደደው ከሚቀጥለው መንፈቅ ጀምሮ ዳሲቱ ከእንግሊዝኛ ተነስታ ቤተ መጻሕፍት ትመደባለች። ቤተ መጻሕፍታችን ማለት ደግሞ ሁለት መደርደሪያና አንድ ቁልፍ ነው።

ቀኑ ረቡዕ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተባለ። ወሩ ጥቅምት ነው። በዓመታዊ ዕቅዷ መሠረት የዚያ ቀን ትምህርት «ሙን» ነበር፤ ጨረቃ።

«ምን ነካሽ፣ ቀይሪው እንጂ!» አልኳት። «ጠረጴዛ አስተምሪ። ጠረጴዛ ጥሎሽ የትም አይሄድም።»

«ዕቅዱ ገብቷል፤ ብቀይረው ሌላ ክስ ነው» አለችና ሳቀች። «ደግሞ ጋሽ የሺዋስ፣ ጨረቃ እኮ በቀንም ትታያለች።»

ይህን ስትል ደብተሯን ከፍታ ነበር። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ገጽ ትሰጣለች። የሙን ገጽ ላይ ያልገባ ነገር አልነበረም። ሞልታ የወጣችው «ፉል ሙን»፣ ገና የታየችው «ኒው ሙን»፣ ግማሿ «ሃፍ ሙን»፣ ብርሃኗ «ሙንላይት»። ከሥር ደግሞ ፈረንጆቹ በየዕለቱ ሲያወሩ እንዴት እንደሚጠቀሙባት ጽፋለች። በጣም አልፎ አልፎ የሚሆነውን ነገር በሰማያዊ ጨረቃ አንዴ ይሉታል። ደስታው ልክ ያጣው ሰው ከጨረቃ በላይ ነኝ ይላል። አዲስ ሙሽሮች የሚያሳልፉት ጊዜ የማር ጨረቃ ነው፤ እኛ ጫጉላ የምንለው። ወር የሚሉትም ቃል የተወለደው ከጨረቃ ስም ነው።

«ይኼስ አይገርመኝም» አለች ጣቷን የመጨረሻው መስመር ላይ አድርጋ። «በእኛም በኦሮምኛ ጂአ ስንል ወሩም እሱ ነው፣ ጨረቃዋም እሷ ናት።»

እኔ ግን ሰማያዊ ጨረቃው ላይ ቀርቼ ነበር። አገራቸው ጭጋግ ስለሆነ ቀለሙን በደንብ ሳያዩት ቀርተው ይሆናል አልኳት። ሳቀችብኝ።

በቀን ትታያለች ያለችው ስላልተዋጠልኝ ሰኞ ከሰዓት ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ኦቦ ቀጀላ ከብሎኮቹ ጀርባ በተረፈችው ግቢያቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሁለት ላሞቻቸውን እያዩ ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው። ልጃቸው በኦሮምኛ ጉዳዩን ነገረቻቸው፤ ሱፐርቫይዘሩንም፣ ቤተ መጻሕፍቱንም፣ ሁሉንም። አዳምጠው ሲያበቁ በጣቶቻቸው ቆጠሩ።

«ሐሙስ ማታ ሞልታ ወጣች» አሉኝ በአማርኛ። «ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትዘገያለች። ረቡዕ ጠዋት እስከ አራት ሰዓት ድረስ አትጠልቅም። በፉሪ ተራራ በኩል ነው የምትወርደው።»

«ኦቦ፣ እርግጠኛ ነዎት? የልጅዎ እንጀራ ነው።»

ቆጣ አሉ። «አንተ ስልክህ ላይ ሰዓት ስታይ እርግጠኛ ነህ ብዬ ጠይቄሃለሁ? እኔ በእሷ ስዘራ ነው የኖርኩት።»

ማክሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ቀና ብዬ ወደ ምዕራብ አየሁ። ከብሎኩ ጣሪያ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ነጣ ያለች፣ አንድ ጎኗ የተሸረፈ ጨረቃ ቆማለች። ስድስት መቶ ልጅ ባንዲራውን እያየ ይዘምራል፤ ወደዚያ ያየ አንድም የለም። እኔ ራሴ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ምን ሳይ እንደኖርኩ እንጃ፤ አፈርኩ።

ረቡዕ ደረሰ። በሁለት ሰዓት ከሩብ ይመጣል የተባለው ሱፐርቫይዘር የለም። እኔ የዚያ ቀን ተረኛ መምህር ስለነበርኩ በሩ አካባቢ እንጎራደዳለሁ። ጨረቃዋ ከብሎኩ በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ የምትጠብቀው ሰው ግን የለም። ሁለት ተኩል ሆነ፣ ሦስት ሆነ። አቶ ነቢል የሚባለው ሱፐርቫይዘር ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ከቃሊቲ ጀምሮ መንገዱ ተዘግቶ ነበር አለ፤ ልማዳችን ነውና እውነቱን መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ተናደድኩ። ዳሲቱን በዓይኔ ፈለግኋት። ምንም አልመሰላትም። «አባቴ እስከ አራት ብሎኛል፤ ገና ጊዜ አለ» አለችኝና ልጆቿን አሰልፋ ወደ ሜዳው ይዛቸው ወጣች።

ወደ ምዕራብ አዞረቻቸው። አርባ ስድስት አንገት ቀና አለ። ስምንት ፎቅ ብሎክ፣ በየበረንዳው የተሰጣ ልብስ፣ ዲሽ፤ ከዚያ በላይ ባዶ ሰማይ። ጨረቃ የለችም።

የሆነው ነገር የገባኝ ከአፍታ በኋላ ነው። ኦቦ ቀጀላ ጨረቃዋን አልተሳሳቱም። እሳቸው የቆጠሩት ግን ማሳቸው ላይ ቆመው ያዩት በነበረው ሰማይ ነው፤ ከእግራቸው ሥር እስከ ፉሪ ድረስ ወለል ባለው። በዚያ ሰማይ ላይ ብሎክ የለም። ዳሲቱም አሸዋውን ተሸክማ አብራ የሠራችውን ፎቅ በዓይኗ እያየችው፣ ሰማዩን ግን እንደ አባቷ ነው በልቧ የያዘችው። ያን ያህል ዓመት ሲገነባ አጠገቡ የኖሩ አባትና ልጅ፣ ከሒሳባቸው ውስጥ ሕንፃውን ረሱት።

አቶ ነቢል ሰማዩን አየ፣ ወረቀቱን አየ። «ቲቸር፣ ጨረቃ የማታ ናት» አለ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር። «ወደ ክፍል ይግቡና በመጽሐፉ ሥዕል ይቀጥሉ። ማታ ወላጆቻቸው ያሳዩዋቸዋል።»

መውጫ መንገድ እየሰጣት ነበር። ግቢ፣ ግቢ አልኩ በልቤ።

«በዚህ ሳምንት የምትወጣው እነሱ ከተኙ በኋላ ነው» አለች ዳሲቱ። ወደ ልጆቹ ዞረች። «ዌር ኢዝ ዘ ሙን?»

ከአንዱ ልጅ ደብተር ወሰደችና ከጀርባዋ ደበቀችው። «ዘ ቡክ ኢዝ ቢሃይንድ ሚ።» ልጆቹ ደገሙ። ከዚያ ብሎኩን አሳየች፤ «ዘ ሙን ኢዝ ቢሃይንድ ዘ ቢልዲንግ።» ደገሙላት፤ ግን እንዲያው በአፍ ነው። እድላዊት የምትባለው ፊት ለፊት የምትቀመጥ ልጅ «ቲቸር፣ እኔ እዚያ ብሎክ ውስጥ ነው የምኖረው፤ ከኋላው የታክሲ ተራ ብቻ ነው ያለው» አለች።

አቶ ነቢል ፈገግ አለ። «ልጆች ያላዩትን ነገር ስም እርስዎ እንደማይጽፉ ነበር የሰማሁት።»

ይቺ ነገር ወጋቻት። ፊቷን ስለማውቀው አየሁት። ያላዩትን አለማስተማር ሥርዓቷ ነው፤ ሥርዓቷን ደግሞ በራሷ ልጆች ፊት፣ በራሷ አፍ አፈረሰችው። ሰልፉን አዞረችና ልጆቹን ይዛ ወደ እኔ፣ ወደ በሩ መጣች።

የጥበቃ ሠራተኛችን ሁንዴ በሩን በጀርባው ደገፈ። «ደብዳቤ አለ? በትምህርት ሰዓት ተማሪ አይወጣም።» ርዕሰ መምህራችን ስብሰባ ሄደው ነበር። እሳቸው በሌሉበት ተማሪ ለማስወጣት የሚፈርመው ተረኛው መምህር ነው። ተረኛው መምህር ደግሞ እኔ ነኝ።

ውሸት አልጽፍም፤ አመነታሁ። ጡረታዬን አሰብኩ። እነዚያን አርባ ስድስት ልጆች አስወጥተን ከብሎኩ ጀርባ ታክሲ ተራ ብቻ ብናገኝ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለሁለታችን እንደሚጠብብ አሰብኩ። አቶ ነቢልም ከኋላ መጥቶ «ከግቢ ውጭ የሚሰጥ ትምህርት እንዴት አድርጌ ልገምግም?» አለ።

«ይምጡና ይዩት እንጂ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሽ የሺዋስ፣ አባቴ ጨረቃን አይሳሳትም» አለችኝ።

ፈረምኩ። ፊርማዬ የሕፃን ይመስላል፤ እስካሁን መዝገቡ ላይ አለ።

ልጆቹ አንዱ የሌላውን ሹራብ ይዞ በአጥሩ ጥግ ጥግ ሄዱ። ሁንዴ ራሱ ዱላውን ይዞ መኪና ሊያስቆም ከፊት ቀደመ። በየአሥር እርምጃው ዳሲቱ ትቆማለች። «ዌር ኢዝ ዘ ሙን?» «ቢሃይንድ ዘ ቢልዲንግ!» እንደገና ይሄዳሉ። በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያዩናል። ሦስት ተኩል አልፏል፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ፤ ጨረቃዋ ደግሞ ከብሎኩ ጀርባ በየደቂቃው እየወረደች ነው። የብሎኩ ጥግ ጋ ደረስን። ከሱና ከሚቀጥለው ብሎክ መካከል ክፍተት አለች፣ በክፍተቷ ውስጥ ሩቅ ፉሪ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

«ዌር ኢዝ ዘ...» ብላ ሳትጨርስ እድላዊት ጮኸች። «ዜር! ዘ ሙን!»

ከተራራው ትንሽ ከፍ ብላ፣ ለስላሳ፣ ነጭ፣ ጠርዟ የተሸረፈ። አርባ ስድስት ጣት ተቀሰረ። አንዳንዱ ይዘላል፣ አንዳንዱ አፉን ከፍቶ ቀረ። በቀን ጨረቃ ያዩበት የመጀመሪያ ቀናቸው ነበር። ሁንዴ ዱላውን ረስቶ ቆመ። አቶ ነቢል መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ እንደገና አደረገው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ዳሲቱ ግን ፈንጠዝያውን ብዙ አላቆየችውም። «ኢዝ ኢት ኤ ፉል ሙን?» «ኖ!» እየተባባሉ ጎደሎዋን በጣታቸው አየር ላይ ሣሉ። ከመሃል እድላዊት እንደገና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የጨረቃ ቤትስ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

ልጆቹ ቃሉን ሁሉም ያውቁታል፤ በዚህ ሰፈር አድጎ ያለ ፈቃድ በአንድ ሌሊት ተሠርቶ ስላደረ ቤት ያልሰማ የለም። ዳሲቱ አሰብ አደረገች። «በእንግሊዝኛ ጨረቃ የለበትም» አለች። «ጨረቃን ግንበኛ ያደረግናት እኛ ነን።» አቶ ነቢል ሳቁ አመለጠው።

ግን ሱፐርቫይዘር ሱፐርቫይዘር ነው። ሳቁን ዋጠና ከሰልፉ መጨረሻ ያለውን ገዳን ጠራው። ገዳ በክፍሉ ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው፤ የአማርኛ አስተማሪው እኔ እንኳ ድምፁን የሰማሁት ስም ሲጠራ ብቻ ነው። እሱን በመምረጡ በልቤ ረገምኩት። ጥያቄው ደግሞ ስለ ጨረቃ አልነበረም፤ ማንም ያላስተማረውን ነው የጠየቀው።

«ዌር ኢዝ ዘ ሰን?»

ገዳ ጨረቃዋን አየ። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ፀሐይ ከፊቱ የለችም። ዳሲቱ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አልረዳችውም። ከዚያ ልጁ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ኋላው፣ ማጅራቱን ወደምታሞቀው ፀሐይ ዘረጋ።

«ዘ ሰን ኢዝ ቢሃይንድ አስ» አለ።

ያልሰማው አልነበረም። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው፣ እዚያ ታክሲ ተራው ጥግ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። ፀሐይዋ ዓይኔን ወጋችኝ እንዳልል፣ ከጀርባዬ ነበረች።

ወደ በሩ ተመለስን። ልጆቹ ገብተው ሁንዴ ቆጥሮ በሩን ሲዘጋ፣ አቶ ነቢል የሁንዴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መሙላት ጀመረ። ዳሲቱ ፊቱ ቆማለች፤ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ። እኔ መዝገብ የማይ መስዬ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ውጤቱን አሁን ልንገርዎት» አለ። «በእንግሊዝኛ ትምህርት እንዲቀጥሉ ብዬ ነው የምጽፈው። ሌሎቹ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎችም መጥተው እንዲያዩ እጨምርበታለሁ።»

ዳሲቱ ራሷን ነቅነቅ አደረገች። አመሰግናለሁ አላለችም። እኔ ግን ጮክ ብዬ «ይገባታል!» አልኩ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። አሁንም ይገባታል።

አቶ ነቢል እየጻፈ ቀጠለ። «የማስተማሪያ መርጃ መሣሪያ የሚል ቦታ አለ» አለና ሳቅ ብሎ ጻፈ። «ዓይነት፣ ጨረቃ። ምንጭ ይላል እንግዲህ... ተፈጥሮ ልበል?»

«አይበሉ» አለች። «ምንጩ አባቴ ናቸው። መቼና በየት በኩል እንደምትታይ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ኦቦ ቀጀላ ብለው ይጻፉ።»

ጻፈ። «ሥራቸውስ?»

«ገበሬ።»

ብዕሩን አነሳ። «አሁንም ያርሳሉ?»

«መሬቱ ይኸው፣ የቆምንበት ነው።» ድምፅዋ አልተናወጠም። «ገበሬ ብለው ይጻፉ።»

አቶ ነቢል ሜዳውን አየ፣ ብሎኮቹን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። እሷም ጎንበስ ብላ ፊደሉን እስከ መጨረሻው ተከታተለችውና ወረቀቱን በስልኳ አነሳችው።

ከሰዓት በኋላ እኔም አብሬያት ሄድኩ፤ ሳልጠራ። ኦቦ ቀጀላ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። መጀመሪያ የጠየቁት ጨረቃዋ ታየች ወይ ብለው ነው። ታየች ስትላቸው ምኑ ይደንቃል በሚል ዓይን አዩን። ብሎኩ ጋርዶን እንደነበር ስትነግራቸው ግን ቀና ብለው ወደ ሕንፃዎቹ አዩ፣ ገና ዛሬ እንደበቀሉ ሁሉ። ከዚያ ዳሲቱ ስልኳን ከፍታ ስማቸው ያለበትን መስመር አነበበችላቸው።

የመንግሥት ወረቀት ላይ ስማቸው ለመጨረሻ ጊዜ የተጻፈው ከማሳቸው የለቀቁ ጊዜ ነው። ያ ወረቀት ከስማቸው ቀጥሎ «የልማት ተነሺ» ይላል። ይህን የነገረችኝ ዳሲቱ ናት፤ እሳቸው ስለዚያ ወረቀት አያወሩም።

ኦቦ ቀጀላ ስልኩን ከእጇ ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ማንበብ አይችሉም። በአውራ ጣታቸው መስታወቱን ጠረጉትና መልሰው ሰጧት።

«ገበሬ የሚለውን» አሉ፣ «እሱን እንደገና አንብቢው።»